በአንድ ቀን ስድስት ደሴት? ስለ ጣና ጉዞ ለተጻፈ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጣና ደሴቶች የተጻፈ አንድ የጉዞ ምክር ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ነው። ባሕር ዳር ሊመጡ የተዘጋጁ ዘመዶቼ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ላኩልኝ። አነበብኩት። የምክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ለደሴት ሽርሽር ዛንዚባር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ጣና አለ። በክረምት ኑ፣ ዋጋው ይቀንሳል። በአንድ ቀን ስድስት ደሴት አዳርሱ። ከዳር ላይ ርካሹን ጀልባ ያዙ። የዋና ልብስ እንዳትረሱ። አስጎብኚ የገንዘብ ብክነት ነው። ሴቶች ከጣና ብዙ አትጠብቁ። ስትመለሱ ደግሞ በገዳማቱ አካባቢ አሮጌ ብራና ወይም መስቀል ፈልጋችሁ ለማስታወሻ ግዙ።

ጣና ይጎብኝ በሚለው ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። እንግዳ ሲጠፋ ባሕር ዳር ምን እንደምትመስል እዚህ የምንኖር እናውቃለን። ጀልባዎቹ ታስረው ይውላሉ። አስጎብኚዎቹ ሌላ ሥራ ፍለጋ ይበተናሉ። ሐይቁ ዳር ባለው በዘጌ ቡናና ስፌት የሚሸጡት እናቶች ገበያ ያጣሉ። ስለዚህ ሰው ይምጣ። ግን በዚህ ምክር ተመርቶ የመጣ ሰው ደክሞና ተበሳጭቶ፣ ምናልባትም ታሞ ይመለሳል። የተቀበሉት መነኮሳትም ይከፋቸዋል።

ዋናው ችግር ምክሩ ለባሕር ደሴት የተሠራ መሆኑ ነው። እዚያ የደሴት ጉብኝት ማለት አሸዋ፣ ዋናና ሆቴል ነው። ጣና ላይ ግን ደሴቱ የሰው መኖሪያና የጸሎት ቦታ ነው። ሐይቁ ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል፤ ሃያ ያህሉ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለባቸው። ጉዟችሁን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሐይቁ ነፋስና የገዳሙ ሥርዓት። ጸሐፊው ሁለቱንም አላነሷቸውም። እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ከእነሱ የሚነሳ ይመስለኛል። ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

«ጣና ማለት ዛንዚባር ነው»

ካርታ ላይ ሲታይ እውነትነት አለው። ጣና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ በሐሩር ክልል ውስጥ ነው። ግን ሐይቁ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዛንዚባር ሌሊቱም ይሞቃል። እዚህ ማለዳ ጀልባ ላይ ስትወጡ ይበርዳል። ጃኬት ወይም ጋቢ ያስፈልጋችኋል። ከረፋዱ በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ይከርራል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። ነፋሱ እያቀዘቀዛችሁ ስለሚሄድ መቃጠላችሁን የምታውቁት ማታ ነው። ኮፍያ፣ የፀሐይ ክሬምና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ያዙ።

ውሃውም ጽሑፉ እንዳለው «ሰማያዊና የጠራ» አይደለም። ግልገል ዐባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ አፈር ይዘው ይገቡበታል። በክረምትና ከክረምት በኋላ በተለይ ቡናማ ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ እንግዳ አያዝንም። የጣና ውበት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ማለዳ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ሰዎች እዩ። ፔሊካኖቹ ውሃው ላይ ሲያርፉ እዩ። ገዳማቱ ለብዙ ዘመን ጠብቀው ያቆዩትን ደን እዩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ሪዘርቭ አድርጎ ሲመዘግበው ይህን የሰውና የተፈጥሮ አብሮ መኖር ቆጥሮ ነው።

እንቦጩስ ለሚሉኝ ደግሞ፦ አረሙ በዋናነት የተስፋፋው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ጉዳቱ ለዚያ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ከባድ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ ለሚሄድ እንግዳ ግን መንገድ የሚዘጋ ነገር አይደለም።

«በክረምት ኑ፣ ይረክሳል»

ሆቴሉ ሊረክስ ይችላል። ጉዞው ግን ይከብዳል። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ነፋስና መብረቅ ሐይቁ መሐል ላይ ካገኛችሁ መጠለያ የላችሁም። ዘጌ ላይ ከጀልባ ማቆሚያው ወደ ገዳማቱ የሚወስደው የጫካ መንገድም ጭቃ ነው፤ ያንሸራትታል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው። መነኮሳቱ ሱባኤ ላይ ናቸው። ለጸሎት የሚመጣ ምእመን ደስ ብሎት ይመጣል። ለፎቶ የሚመጣ ሰው ግን ያን ጊዜ ባይመጣ ይሻላል።

በአንድ ነገር ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ጢስ ዐባይን ሙሉ ሆኖ ማየት ለሚፈልግ ነሐሴና መስከረም ጥሩ ነው። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው በጣም ይሳሳል። መንገዱ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእሱ ሐይቁን ማቋረጥ አያስፈልግም።

ሁለቱን ማጣመር ለሚፈልግ የእኔ ምርጫ ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ዝናቡ ያበቃል። ሐይቁ ሞልቶ ይቆያል። መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ ጢስ ዐባይም ገና ድምፁ አለ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አትዘንጉ፤ ከክረምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የወባም ወቅት ነው። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። ማታ ማታ ረጅም ሱሪ ልበሱ። ከደጋ የሚመጣ ሰው ከመነሳቱ በፊት ሐኪም ቢያማክር ጥሩ ነው። ወደ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ባሕር ዳር እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ይህን ባለመናገር ሕክምናው የሚዘገይበት ሰው አለ።

«በአንድ ቀን ስድስት ደሴት»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ። ሌላው ስህተት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጣና ትንሽ ሐይቅ አይደለም። ከደቡብ እስከ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በተለመደው የሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ደቅና ዳጋ የተባሉት ደሴቶች ላይ ለመድረስ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጉዞ አለ፤ መመለሻውም ያው ነው። ጣና ቂርቆስ በምሥራቁ በኩል ነው፣ እሱም ሩቅ ነው። ጽሑፉ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ አስገብቷቸዋል። ቀኑ ቢረዝም እንኳ አይበቃም።

ነፋሱን ጨምሩበት። ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ይላል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ሞገዱም ይመጣል። ትንሽ ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ያን ጊዜ ይረጥባል፣ ይናወጣል፣ ያቅለሸልሸዋል። ጀልባ ነጂዎች በጠዋት እንነሳ የሚሉት ለዚህ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ላይ ብትሆኑና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ብትመለሱ ሐይቁ ራሱ ያግዛችኋል። ስድስት ደሴት ልዙር ያለ ሰው የሚመለሰው ነፋሱ በበረታበት ሰዓት ነው፣ ወይም በጨለማ።

ሦስተኛው ነገር የገዳሙ ሰዓት ነው። በር የሚከፍትላችሁ አባት ሌላ ሥራ አላቸው። ያስቀድሳሉ፣ ያርሳሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ያርፋሉ። በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከቀትር በኋላ ይሄዳል። ቅዳሴ ላይ ስትደርሱ ሥዕሉን ለማየት መሐል መግባት አይቻልም። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ትጠብቃላችሁ። ጊዜ ይዞ የመጣ ሰው ይህን ይወደዋል። ስድስት ደሴት የቀረው ሰው ግን ይቆጣል። ሞተር ሳይጠፋ «ቶሎ ቶሎ» እያለ አባን የሚያዋክብ ጎብኚ አይቻለሁ። እሳቸው በትዕግሥት አሳዩት። እሱ ግን ፎቶ አንስቶ ሮጠ፣ ምን እንዳየ እንኳ አልጠየቀም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ደብረ ማርያምን፣ ዐባይ ከሐይቁ የሚወጣበትንና እንጦስ ኢየሱስን እዩ። ሁሉም ለከተማው ቅርብ ናቸው። ዐባይ መውጫው አካባቢ ጉማሬ የማየት ዕድልም አለ፤ ከሩቅ ሆናችሁ።

ሙሉ ቀን ካላችሁ ለዘጌ ብቻ ስጡት። ዘጌ ደሴት እንኳ አይደለም፣ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ከባሕር ዳር በመኪናም ይገባል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና በትረ ማርያም እዚያ ናቸው። የኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አንዱን ግድግዳ ብቻ በደንብ የሚያስረዳ ሰው ካገኛችሁ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ሌላ ሦስት ግድግዳ ደግሞ ይቀራል። ከዚያ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ሂዱ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማዱ የተከለከለ ነው፤ ሕዝቡ በቡና ነው የኖረው። ጫካው ያልተመነጠረውም ለዚህ ነው። መንገድ ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ ቡና ጠጡ። ያ ቡና እዚያው የበቀለ ነው።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴንና አጠገቡ ያለውን ዳጋ እስጢፋኖስን አድርጉ። ጣና ቂርቆስ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያ እንደቆየች የገዳሙ ትውፊት ይናገራል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሞ መሄድ ያሳዝናል።

«ርካሹን ጀልባ ያዙ»

ጸሐፊው ዋጋ ተከራከሩ ይላሉ። ተከራከሩ፣ ችግር የለውም። ግን ከዋጋው በፊት ሌላ ነገር ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? ለሕፃን የሚሆንስ? አውጥተው ያሳዩአችሁ፣ እዚያው ልበሱት። መጠባበቂያ ሞተር አለ? ነዳጁ መመለሻውን ይበቃል? ጣሪያ አለው? ዘጌና ባሕር ዳር መካከል ሞተሩ ጠፍቶበት ሌላ ጀልባ እስኪደርስ በሞገድ ሲንገላታ የቆየ ጀልባ ላይ ነበርኩ። ከእኛ ጋር ልጆች ነበሩ፣ ላይፍ ጃኬቱ ግን ለሁሉም አልበቃም። ያን ቀን ከዋጋው ላይ ያስቀነስነው ብር ለማንም ትዝ አላለውም።

ከተደራጁ የጀልባ ማኅበራት ብትከራዩ ወይም ሆቴላችሁ የሚያውቀውን ነጂ ብትይዙ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይኖራል። ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር በግልጽ ተስማሙ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? የትኞቹ ገዳማት ይካተታሉ? ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? የገዳማቱ መግቢያ በዋጋው ውስጥ የለም፤ በየገዳሙ ለየብቻ ይከፈላል። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ አገር ዜጋ ዋጋው ይለያያል። ዝርዝር ብር በጥሬው ያዙ። ጸሐፊው «በስልክ ትከፍላላችሁ» ያሉትን ተማምኖ ባዶ ኪስ የሚሄድ ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል።

«የዋና ልብስ አትርሱ»

እርሱት። ጣና ዳርቻው ላይ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ውሃው ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ያድግና ሳይታይ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ ውሃ መጠጣትም አያስፈልግም። እግርን መንከር ብቻ ይበቃል። ጥልቀት የሌለውና ሣር የበዛበት ዳርቻ ይብሳል፤ ልጆች የሚወዱትም እሱን ነው። ሕክምና አለው፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። ግን ምልክቱ ቆይቶ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ከየት እንዳገኘው አያውቅም። ጉማሬውም አለ። ከጀልባ ስትወርዱ ውሃ ውስጥ አትርገጡ፣ ነጂው ከድንጋዩ ወይም ከእንጨቱ ጋር እንዲያስጠጋላችሁ ጠይቁ። መዋኘት ያማራችሁ ባሕር ዳር ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ።

ከዋና ልብሱ ይልቅ ቶሎ የሚወልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ ያዙ። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጫማ ይወልቃል። ድንጋዩ ማለዳ ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ያቃጥላል። ሴትም ወንድም ነጠላ ይያዝ። ቁምጣ ለገዳም አይሆንም።

«አስጎብኚ አያስፈልግም፣ ስልክ አላችሁ»

ስልኩ መንገዱን ያሳያችኋል። ግድግዳው ላይ ያለው ቅዱስ ማን እንደሆነ፣ ሰው በላው በላዔ ሰብእ ለምን በእመቤታችን ሥዕል አጠገብ እንደቆመ አይነግራችሁም። መቼ ፎቶ ማንሳት እንደሚቻል፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባም አያውቅም። ብራናና አልባሳት የሚቀመጡበትን ዕቃ ቤት እንዲከፍቱላችሁ አባቶችን በአግባቡ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የአካባቢው አስጎብኚዎች መነኮሳቱን በስም ያውቋቸዋል። ለእነሱ የሚከፈለው ገንዘብ ዘጌና ባሕር ዳር ያለ ቤተሰብ ያድርበታል። እኔ ይህን ብክነት ብዬ መጥራት አልችልም።

የፎቶን ነገር ካነሳሁ አይቀር ስለ ሰዎቹም ልበል። ታንኳ የሚሠሩትና በደንገል የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው። ሰላም በሉ፣ አስፈቅዱ፣ ከዚያ አንሱ።

«ሴቶች ብዙ አትጠብቁ»

ይህን ነጥብ ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። እኔ ሴት ነኝ፣ ያደግሁትም ባሕር ዳር ነው። በዚህ ምክር የተነሳ «እኛ ሆቴል እንቆያለን፣ ወንዶቹ ይሂዱ» ብለው የቀሩ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ።

እውነቱ ይህ ነው። ሴት የማይገባባቸው ገዳማት አሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ የወንዶች ገዳማት ናቸው። ዳጋ ላይ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት አፅም አለ፤ ክብራን በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። ሴት እነዚህን አታይም። ሥርዓቱ የቆየ ነው፣ ደሴቱ ላይ ደርሶ ለመከራከር መሞከር ማንንም አይጠቅምም።

ሴት የምትገባባቸው ግን የሚያንሱ አይደሉም። የዘጌዎቹ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና በትረ ማርያም ለሁሉም ክፍት ናቸው። ደብረ ማርያም ክፍት ነው። እንጦስ ኢየሱስ ክፍት ነው። ናርጋ ሥላሴም ክፍት ነው፤ እሱን ደግሞ ያሠራችው ሴት ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናት ያሠራችው። ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር ስታስተዳድር የነበረች ንግሥት ናት። ግድግዳው ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ወድቃ ስትጸልይ ተሥላለች። ከጣና ሥዕሎች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ እሱን እመርጣለሁ። እና እንዴት ነው ሴቶች ብዙ አትጠብቁ የሚባለው?

ችግሩ የሚፈታው በዕቅድ ነው። ወንድና ሴት አንድ ላይ ከሆናችሁ ጉዞውን ለሁሉም በሚመች መንገድ አዙሩት። ክብራንና እንጦስ ጎረቤታሞች ናቸው። ወንዶቹ ክብራን ሲወጡ ጀልባው ሴቶቹን እንጦስ ያድርስ። ደቅ ላይም እንዲሁ ነው። ሴቶቹ ናርጋ ሥላሴን ተረጋግተው ሲያዩ ወንዶቹ ዳጋ ደርሰው ይመለሳሉ። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ለነጂው ንገሩት፣ ነዳጁንም ሰዓቱንም ይቆጥርበታል። ሳትነጋገሩ ከሄዳችሁ ግን ሴቶቹ ዳጋ ሥር ጀልባ ውስጥ በፀሐይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ብዙ ሴት «ጣና ለእኛ አይሆንም» ብላ የምትመለሰው ከዚያ ፀሐይ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልጨምር፣ የሚነግራችሁ ሰው ስለማይኖር። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በሥርዓቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም። ከቻላችሁ ቀኑን አስቡበት። ካልተቻለም ዘጌን ምረጡ፤ ጫካው፣ ቡናው፣ የሐይቁ ዳርና የመንደሩ ሰው ቀኑን ይሞላሉ። መነኮሳይያት ባሉበት ስትደርሱም ተቀምጣችሁ አዋሩ። እማሆይ «ከየት መጣችሁ ልጆቼ?» ብለው ይጀምራሉ፣ ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል። ይህን ወንዶቹ አያገኙትም።

«አሮጌ ብራና ወይም መስቀል ግዙ»

ሌላውን ሁሉ በሐሳብ ልዩነት ማለፍ ይቻላል። ይህን ግን አይቻልም። ጽሑፉ ላይ ይህ ምክር እንደ ዘዴ ነው የቀረበው፤ «ቀስ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚሸጥ አይጠፋም» ይላል።

የሚሸጥ ከተገኘ ያ ነገር የተሰረቀ ነው። የገዳም መጽሐፍ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። አንዱ መነኩሴ ወይም አንዱ ጎረምሳ ሊሸጠው አይችልም። ገዳማቱ ብራናዎቹን ከጦርነትና ከእሳት አትርፈው እዚህ ያደረሱት ተራ በተራ እየጠበቁ ነው። ብዙ ጊዜ ደሴቶቹ የተመረጡትም ለዚሁ ነው፤ ጠላት ሲመጣ የየብሱ ንዋየ ቅድሳት ወደ ሐይቁ ይሸሽ ነበር። ያን ያህል ዘመን የቆየ መጽሐፍ በአንድ ጎብኚ ቦርሳ ውስጥ ይውጣ?

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣ ይፈተሻል። የሚያሳፍረው ግን መያዙ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍትና ንዋያት እንዲመለሱ ዛሬም እንጠይቃለን። እዚያ መልሱ እያልን እዚህ በሽያጭ እናውጣ ማለት አንችልም። ገዢ ባለበት ሌባ ይኖራል። ጸሐፊው ይህን አንቀጽ እንዲያነሱት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሌላ ምንም ባያርሙ ይህን ያርሙ።

ማስታወሻ የሚሆን ነገር ሞልቷል። የዘጌ ቡና አለ። እናቶች የሚሰፉት ሙዳይና ሰፌድ አለ። በደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ አለች። በቆዳ ላይ የተሣሉ አዳዲስ ሥዕሎች አሉ፤ የሣላቸው ሰው ራሱ ይሸጥላችኋል። ደረሰኝ ጠይቁ፣ አዲስ መሆኑ እንዲታወቅ።

ጽሑፉ የዘለላቸው

ምግብና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ገዳም ምግብ ቤት አይደለም። ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ያዙ፣ ገዳም ደጅ ላይ ሥጋና እንቁላል አትፍቱ። የሃይላንዱን ጠርሙስም ፌስታሉንም መልሳችሁ አምጡ፤ ደሴት ላይ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና የለም። ዓሣውን ማታ ባሕር ዳር ትበላላችሁ።

ትልቁ የተዘለለ ነገር ግን የጸጥታው ጉዳይ ነው። ባለፉት ዓመታት ክልሉ ከባድ ጊዜ አሳልፏል፤ ሁኔታውም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ስለ እሱ ምንም ሳይሉ ሰውን «ተነሱ፣ ሂዱ» ማለት ተገቢ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት ባሕር ዳር ላለ ዘመድ ወይም ለሆቴላችሁ ደውሉ። በየብስ ለመምጣት ካሰባችሁ ስለ መንገዱ በዚያው ሳምንት የተጓዘ ሰው ጠይቁ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ብዙ ሰው አሁን የሚመርጠው እሱን ነው። የትኛው ደሴት ይኬዳል፣ የትኛው ዛሬ አይኬድም የሚለውን ጀልባ ነጂዎቹ ያውቁታል። «ዛሬ ደቅ አንሄድም» ካሏችሁ ምክንያቱ ነፋስም ይሁን ሌላ ነገር አትጫኗቸው፣ ብር ጨምራችሁም አታባብሏቸው። ያን ቀን ደብረ ማርያም ሂዱ፣ ዐባይ ከሐይቁ ሲወጣ እዩ፤ ደቅን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።